የአርባ ቀን ዕድልና የሦስት ቢሊዮን ፊደል

«ዕድል» የሚለው የአማርኛ ቃል ለሁለት ጌቶች ያድራል። ባንድ በኩል «የአርባ ቀን ዕድሉ ነው» እንላለን። ይኼ ዕድል ሕፃኑ በተወለደ በአርባ ቀኑ የተቆረጠለት፣ ሮጦ የማያመልጠው፣ ለምኖ የማያስለውጠው ነው። በሌላ በኩል የሒሳብ መምህራችን ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ «ዘውድ የመውጣት ዕድሉ ግማሽ፣ ጎፈር የመውጣት ዕድሉም ግማሽ ነው» ይለናል። ይኼኛው ዕድል ምንም ነገር አልቆረጠም፤ ሳንቲሙ ገና አልወደቀም። የሚነግረንም ስለ አንዱ ሳንቲም ሳይሆን ስለ ብዙ ውርወራ ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ግምት። ቃሉ አንድ ስለሆነ ግን ሁለቱን ስንቀላቅል እንውላለን።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ከዚሁ መቀላቀል የሚወለድ ነው። ከወላጆቻችን የወረስናቸው ጥቃቅን የዘረመል ልዩነቶች በነቀርሳ (በካንሰር) የመያዝ ዕድላችንን ከፍ ዝቅ እንደሚያደርጉ ሳይንስ ካረጋገጠ ቆይቷል። ሕመሙ ከያዘን በኋላም አካሄዱንና መድኃኒቱ በሰውነታችን የሚሠራበትን መንገድ እነዚሁ ልዩነቶች ይነካኩታል። ታዲያ ይኼ ዕውቀት አዲስ የአርባ ቀን ዕድል ነው? ከሆነስ ታማሚውን ምን እንበለው? ምስኪን? ጥፋተኛ? ወይስ ከነዘሩ የሚሸሽ ሰው? ጤነኛውስ ለታማሚው ምን ዕዳ አለበት?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። እኔ ባደግሁበት በማሻ አንዲት እናት ጡቷ ላይ ዕብጠት ስታገኝ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ትደብቀዋለች። የምትደብቀው ሕመሙን ብቻ ፈርታ አይደለም። ወሬው ከወጣ ሰው ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው «ዕድሏ ነው፣ ምን ይደረጋል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚነገር ነው፤ «በዘራቸው አለ»። የመጀመሪያው ንግግር እናቲቱን ከሕክምና ያስቀራታል። ሁለተኛው ደግሞ ለልጆቿ ይተርፋል፤ ሽማግሌ ተልኮ ዘር ማንዘር በሚጠየቅበት ቀን ስሟ ይነሣል። አንድ ዕብጠት ሁለት ትውልድ ያማል ማለት ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት አባባሎች እውነት ይሁኑ ሐሰት መመርመሩ ለኛ የክፍል ውስጥ ጨዋታ አይደለም።

፩. ከቡናው እንነሣ

የሰውን ነገር ለማስረዳት በኛ አገር ከቡና መነሣት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ሲገባ ገና አረንጓዴ ያለውን ፍሬ እያጠቆረ አረገፈው። የጅማ ተመራማሪዎች መፍትሔ ፍለጋ የወጡት ወደ ጫካውና ወደ ገበሬው ማሳ ነበር። የሚፈልጉት ነገር ቀላል ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ፍሬያቸው ረግፎ እሱ ግን እንደተሸከመ የቆመ ግንድ። እንዲህ ያሉትን እየለቀሙ ቁጥር ሰጧቸው። ገበሬው ዛሬ «74110»፣ «74112» እያለ የሚጠራቸው ዝርያዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ የተመረጡ ናቸው። ያኔ የኛዋ ማሻም የኢሉባቦር ነበረች።

ልብ በሉ፣ የረገፈበትም የቆመውም ያው አንድ ቡና ነው። ልዩነታቸው ከዘር የመጣ ጥቂት ነገር ነው። ያንን ጥቂት ነገር ደግሞ በሽታው ከመምጣቱ በፊት ማንም አይቶት አያውቅም። ልዩነት ብቻውን መልካምም ክፉም አይደለም፤ ስም የሚወጣለት ጠላቱ ሲመጣ ነው።

ወደ ሰው እንምጣ። የሰው ዘረመል በአራት ፊደሎች ብቻ የተጻፈ፣ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተጠቃለለው «የአንድ ሺህ ጂኖሞች» የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት እያንዳንዱ ሰው ከማመሳከሪያው ጽሑፍ ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን በሚሆኑ ቦታዎች ላይ እንደሚለይ አሳይቷል። አብዛኞቹ ልዩነቶች የአንድ ሰው ወይም የአንድ ቤተሰብ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚጋራቸው ናቸው። ሳይንሱ «የተለመዱ ልዩነቶች» የሚላቸው እነዚህን ነው።

የተለመደ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ለማየት የቡና ሥነ ሥርዓት ላይ መቀመጥ ይበቃል። ከአንድ ጀበና ሦስት ወንድማማቾች ይጠጣሉ። አንዱ አቦሉን ቀምሶ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ሌላው እስከ በረካ ጠጥቶ ያንኮራፋል። ቡናው ውስጥ ያለውን ካፌይን ጉበታችን ውስጥ የሚፈታው ሲዋይፒ1ኤ2 የተባለ ኤንዛይም ነው፤ የዚህ ኤንዛይም ጉልበት ከሰው ሰው ይለያያል። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የሆኑት ኢትዮጵያዊቷ ዶክተር ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የዚህን ዘረመል ልዩነት በኢትዮጵያውያን ላይ መርምረዋል፤ መለኪያቸውም ይኸው ካፌይን ነበር። ነገሩን ለኛ አስገራሚ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። የዚህ ኤንዛይም ሥራ በፊደሉ ብቻ አይወሰንም። ለምሳሌ የትንባሆ ጭስ ይቀሰቅሰዋል። ማለትም ፊደሉና ኑሮው አብረው ነው የሚሠሩት። ይኸው ኤንዛይም አንዳንድ ነቀርሳ አምጪ ኬሚካሎችንም የሚነካ በመሆኑ ነው ከቡና ተነሥቶ እነቀርሳ ጥናት ውስጥ የገባው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብን። በቤተሰብ ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኙ፣ ብርቱ ጉልበት ያላቸው ለውጦች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የተለየው ቢአርሲኤ1 አንዱ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ የወረሰች ሴት ዕድሏ በእርግጥም በጣም ይጨምራል፤ ምክርና ክትትል ያስፈልጋታል። ከጡት ነቀርሳ ሕመምተኞች መካከል ግን እንዲህ ያለውን ለውጥ የያዙት ጥቂቶች ናቸው። የተለመዱት ልዩነቶች ጠባያቸው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በካምብሪጅ ተመራማሪዎች የተመራ ትልቅ ጥናት ኤፍጂኤፍአር2 በተባለ ዘረመል ላይ ያለ አንድ የተለመደ ፊደል የጡት ነቀርሳን ዕድል በሩብ ያህል እንደሚጨምር አሳየ። «በሩብ» ሲባል ያስደነግጣል። ሒሳቡን እንሥራው። ለምሳሌ ያህል ከመቶ ሴቶች ስምንቱ በዕድሜያቸው ይታመማሉ እንበል። ፊደሉን ከወረሱት መቶ ሴቶች አሥሩ ይታመማሉ ማለት ነው። ዘጠናው አይታመሙም። ፊደሉን ካልወረሱትም መካከል ስምንቱ አልተረፉም። እንዲህ ያሉ ፊደሎች ዛሬ በመቶ የሚቆጠሩ ታውቀዋል፤ ሁላችንም ከሚጨምሩትም ከሚቀንሱትም ድብልቅ ይዘናል። እንግዲህ «በዘራቸው አለ» ለሚለው ሐሜተኛ መልሱ አጭር ነው፤ በዘርህም አለ። በሁላችንም ዘር አለ።

፪. ፊደሉ ብቻውን አይናገርም

አሁን ወደ መጀመሪያው አባባል፣ ወደ አርባ ቀኑ ዕድል እንመለስ። ፊደሉ ፍርድ ቢሆን ኖሮ የትም ብንኖር፣ ምንም ብናደርግ ያው ፍርድ በተፈጸመ ነበር። እውነታው ግን እንዲያ አይደለም።

በሩቅ ምሥራቅ፣ በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ፣ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ ኤኤልዲኤች2 የተባለው ዘረመል ላይ አንድ የተለየ ፊደል አለው። ይኼ ሰው መጠጥ ሲቀምስ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል። ምክንያቱ አልኮል ሲፈታ የሚወጣውን አሴታልዴሃይድ የተባለ መርዝ ቶሎ ማስወገድ ባለመቻሉ ነው። ከነፊደሉ አዘውትሮ ከጠጣ የጉሮሮ ነቀርሳ ዕድሉ ከሌላው ጠጪ እጅግ ይበልጣል። መጠጥ ካልቀመሰስ? ፊደሉ አፉን ዘግቶ አብሮት ያረጃል። ያው ፊደል፣ ያው ሰው፣ ግን ሁለት የተለያየ ኑሮ። ሸካ ውስጥ ጠጅ በሚጣልበት የማር አገር ላደገ ሰው ይኼ ምሳሌ ግልጽ ይመስለኛል፤ ጠጁ ባይኖር ፊደሉ ማንን ያሰክራል?

የማኅፀን በር ነቀርሳም እንዲሁ ነው። መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ነው። ቫይረሱ ብዙ ሴቶችን ይይዛል፤ በአብዛኞቹ ሰውነት ራሱ ያስወግደዋል፤ በጥቂቶቹ ላይ ይከርማል። በማን ላይ እንደሚከርም በሚወስነው ነገር ውስጥ የሰውነት መከላከያን የሚመሩ የተለመዱ የዘረመል ልዩነቶች ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ካልገባ ፊደሉ የሚሠራው ነገር የለውም። በኢትዮጵያ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው ክትባት ማንንም «ፊደልሽ ምንድን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። መርፌው የአርባ ቀኑን ዕድል ሳያነብ ነው የሚያልፈው።

የቡና አገር ሰው ስለሆንን አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም አቀፉ የነቀርሳ ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቡና የቀረበውን ማስረጃ መርምሮ ቡና ነቀርሳ ያመጣል ለማለት የሚያበቃ ነገር እንዳላገኘ አስታወቀ። ነገር ግን ከ65 ዲግሪ በላይ የሞቀ ማንኛውም መጠጥ፣ ውሃም ይሁን ሻይ፣ የጉሮሮ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል ብሎ መደበ። ቡናውን ትተን ትኩሳቱን ነው የተከሰስነው። ይኼን ክስ ለማስነሣት ዘር ማንዘር መቁጠር አያስፈልግም፤ ስኒውን ትንሽ ማቆየት ይበቃል።

«እንግዲያው ዕድል ካልሆነ ጥፋት ነዋ!» የሚለኝ ወዳጅ አላጣም። የጠጣ፣ ያጨሰ፣ ሕክምና የዘገየ ራሱን ይውቀስ የሚል። ይኼም ሌላው ጠርዝ ነው። ሴል በተከፈለ ቁጥር ሦስቱን ቢሊዮን ፊደል ይገለብጣል። ዳዊት የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ የቱን ያህል ቢጠነቀቅ አንድ ፊደል ይገድፋል፤ ሴልም እንዲሁ ይገድፋል፤ አብዛኛው ይታረማል፣ ጥቂቱ ያመልጣል። ከነቀርሳ ውስጥ የዚህ ዓይነቱ ድንገተኛ ግድፈት ድርሻ ቀላል አይደለም። ሳያጨስ የታመመ፣ አጭሶ የሸመገለ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ታማሚው የተፈረደበትም አይደለም፤ ወንጀለኛም አይደለም። ውርስ፣ ኑሮና አጋጣሚ ተገናኝተው የጣሉት ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱን እንኳ ማንም በጨረታ አላሸነፈም።

፫. ደምና አጥንት

የሚያስፈራኝ ሌላው ነገር ይኼ ዕውቀት ለቆየ ንቀት አዲስ ልብስ እንዳይሆን ነው። በኛ አገር «ደም» እና «አጥንት» የሚሉ ቃላት ብዙ ሰው አሳንሰዋል። በካፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን ለብዙ ዘመን አብረው እንዳይበሉ፣ እንዳይጋቡ፣ ደጅ እንዲቀመጡ ተደርገዋል። የተሰጠው ምክንያት «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚል ነበር። ነገ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ «ይኸው ሳይንሱም ዘር ይለያያል አለ» እንዳይል ምን ያግደዋል?

የሚያግደው ራሱ ሳይንሱ ነው። ብዙም ሳይርቅ፣ በደቡብ ኦሞ በአሪ ሕዝብ ዘንድ ቀጥቃጮች ከአራሾች ተለይተው ሲናቁ ኖረዋል። የዘረመል ጥናት ሲደረግ በሁለቱ መካከል ልዩነት ታየ። «ቀጥቃጮቹ ከሌላ ጥንታዊ ሕዝብ የመጡ ይሆናሉ» የሚል መላ ምትም ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጠለቅ ያለ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ቀጥቃጩም አራሹም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተከፈሉ ናቸው። የታየው ልዩነት የተፈጠረው ቀጥቃጮቹ ተገልለው፣ ቁጥራቸው አንሶ፣ እርስ በርስ ብቻ እየተጋቡ በመኖራቸው ነው።

ይኼን ደግማችሁ አንብቡት። ንቀቱ ከልዩነት አልተወለደም፤ ልዩነቱ ነው ከንቀት የተወለደው። ሰው በሰው ላይ ያጠረው አጥር ዘልቆ ፊደሉ ውስጥ ተጻፈ። ከዚያም አጥሩን ያጠረው ሰው ልጅ መጥቶ «አየህ፣ ዱሮም ይለያል» አለ።

«ጥቁር» የሚለውም ስም እንደዚሁ ብዙ ይደብቃል። ለሆርሞን መድኃኒት የማይመልስ፣ ጠባዩ የከፋ፣ ሐኪሞች «ትሪፕል ኔጋቲቭ» የሚሉት የጡት ነቀርሳ ዓይነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ንጽጽር ይኼ ዓይነቱ ከጋና ሕመምተኞች ከመቶ 53ቱ፣ ከጥቁር አሜሪካውያን 30 ገደማዎቹ፣ ከነጭ አሜሪካውያን 15 ገደማዎቹ ላይ እንደተገኘ አሳየ። ኢትዮጵያውያኑስ? እነሱም 15 ገደማ! በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተደረገ ሌላ ጥናትም ከሦስት ሕመምተኞች የሁለቱ ያህል ዕጢ ሆርሞን ተቀባይ ያለው ነበር። የቆዳ ቀለም ተመልክቶ ስለ ዕጢ የሚተነብይ ሰው እዚህ ላይ ብዕሩን ማስቀመጥ አለበት። አፍሪካ በዘረመል ከሌላው ዓለም ሁሉ ይልቅ ልዩ ልዩ ናት፤ አንድ ስም ሰጥቶ በአንድ ማኅደር ማስቀመጥ ስንፍና ነው።

፬. ያልተነበበ መጽሐፍ

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ «ፊደሉን እንተወው» የሚል ከመሰለ ተሳስታችኋል። ፊደሉን አለማንበብም በደል ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ኤሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት ከኢትዮጵያውያን ተመርማሪዎች መካከል ከመቶ 29ኙ ሲዋይፒ2ዲ6 የተባለውን ዘረመል በተደራረበ ቅጂ ይዘው አገኟቸው። ይኼ በአውሮፓ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ነው። ዘረመሉ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈታ ኤንዛይም ያወጣል፤ ቅጂው ሲበዛ መድኃኒቱ ይፈጥናል። ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ኮዴይን በነዚህ ሰዎች ሰውነት ውስጥ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ ለአንዱ ማስታገሻ የሆነው መጠን ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል። ታሞክሲፌን የተባለውን የጡት ነቀርሳ ክኒንም ወደሚሠራው ቅርጹ፣ ወደ ኢንዶክሲፌን፣ የሚለውጠው በዋናነት ይኸው ኤንዛይም ነው። ይኼ ልዩነት በሕክምናው የመጨረሻ ውጤት ላይ ምን ያህል ይወስናል የሚለው እስከ ዛሬ ሊቃውንቱን ያከራክራል። ሆኖም ክርክሩ በኛ ደም ላይ የሚደረግ ከሆነ ተመርማሪዎቹም እኛ መሆን አይገባንም?

ሌላም ምሳሌ አለ። ዳፊ የተባለው ምልክት በቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌለ ሰዎች ቫይቫክስ የተባለው ወባ በቀላሉ አይደፍራቸውም። በምዕራብ አፍሪካ ሁሉም ሰው ማለት ይቻላል እንዲህ ነው፤ በኛ አገር ምልክቱ ያለውና የሌለው አብሮ ይኖራል። ይኸው በረከት የሆነ ፊደል በደም ውስጥ ያሉትን ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ቁጥር ዝቅ ያደርጋል። ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ቁጥሩ ግን በአውሮፓውያን ልክ ከተሠራው ሠንጠረዥ በታች ይወድቃል። የነቀርሳ ሕመምተኛ ከሆነ ደግሞ «ነጭ ደምህ አንሷል» ተብሎ ኬሞቴራፒው ሊዘገይበት ወይም ሊቀነስበት ይችላል። በሽታው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም። የነቀርሳ አካሄድ በፊደል ይነካል ስንል እንዲህም ማለት ነው፤ ጥፋቱ የፊደሉ ሳይሆን የሠንጠረዡ የሆነበት ጊዜ አለ።

ሠንጠረዡን ማን ሠራው? እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ አንድ ግምገማ መሠረት በዘረመልና በበሽታ ግንኙነት ላይ በተደረጉ ትላልቅ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች ከመቶ 78ቱ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሲሆኑ አፍሪካውያን 2 ብቻ ነበሩ። በመቶ የሚቆጠሩ ፊደሎችን ደምሮ የነቀርሳን ዕድል የሚተነብየው ዘዴ ለአውሮፓ ሴት የሚሠራውን ያህል ለአፍሪካዊት ሴት የማይሠራው ለዚህ ነው። ይኼ የተፈጥሮ ዕጣ አይደለም። የሰው ምርጫ ነው። የበጀት፣ የላቦራቶሪ፣ የትኩረት ምርጫ። የሸካ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ በውስጡ ያለው የዘር ሀብት ሊጠበቅ የሚገባው ተባለ፤ ደስ ይላል። የጫካው ቡና ዘር የሚቆጠርለትን ያህል ከጫካው ሥር ያለው ሰው ሲቆጠር ግን አላየንም።

፭. እድርተኛው ቢያውቅስ?

አሁን ወደ ዋናው የሥነ ምግባር ጥያቄ ደርሰናል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው የፍትሕ መጽሐፉ ስለ ተፈጥሮ ዕጣ ይናገራል። ማን ምን ይዞ እንደተወለደ ፍትሕም ግፍም አይደለም፤ እንዲሁ የሆነ ነገር ነው፤ ፍትሕ ወይም ግፍ የሚባለው ኅብረተሰቡ ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ነው ባይ ነው። በዚህ እስማማለሁ። ግን ለኛ ነገሩን ለመረዳት ሮልስ ዘንድ መሄድ ግድ አይደለም። እድራችን በር ላይ አለልን።

እድር ምንድን ነው? ወር በወር እናዋጣለን፤ ሞት ማን ቤት እንደሚገባ አናውቅም፤ የገባበት ቤት ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ንፍሮውን፣ ሰዉን ያገኛል። በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም መሠረቱ ይኸው ነው። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያለ ማኅበር የቆመው ባለማወቅ ላይ ነው ይላሉ። ሁላችንም ስለማናውቅ ሁላችንም እኩል እንከፍላለን። እንግዲያው ማወቅ ብንጀምርስ? ገና ከሕፃንነት ፊደሉ ተነቦ «ያንተ ዕድል አነስተኛ፣ ያንቺ ከፍተኛ» ቢባል፣ ዕድሉ አነስተኛ የሆነው «እኔ ለምን ለሷ እከፍላለሁ?» አይልም? ፍርሃቱ ባዶ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የጤና መድን ድርጅቶችና አሠሪዎች በዘረመል ምርመራ ውጤት ሰውን እንዳያበላልጡ በሕግ መከልከል ግድ ሆኖባታል፤ ያ ሕግ የሕይወት መድንን አይጨምርም።

በበኩሌ ግን እድር ባለማወቅ ላይ ብቻ ቆሟል የሚለውን አልቀበልም። ምክንያቱም እድርተኛው ያውቃል! የሰባ ዓመቱ አዛውንት ከሃያ አምስት ዓመቱ ጎረምሳ ቀድመው የመሞት ዕድል እንዳላቸው ለማወቅ የማንንም ላቦራቶሪ አይጠይቅም። ይኼን እያወቀ ጎረምሳውም አዛውንቱም ያንኑ ወርሃዊ መዋጮ ይከፍላሉ። «አባባ፣ እርስዎ ቶሎ ስለሚሞቱ እጥፍ ይክፈሉ» ያለ ዳኛ ቢኖር በማግሥቱ ከዳኝነቱ ይወርዳል። ለምን? መዋጮው የአደጋ ዋጋ ስላልሆነ ነው። አብሮ የመኖር ዋጋ ነው። ሰውየው የሚከፍለው ነገ ሊደርስበት ስለሚችለው ብቻ ሳይሆን ዛሬ የማን ጎረቤት እንደሆነ ለመናገር ነው።

ስለዚህ የዘረመል ዕውቀት ማኅበርን ያፈርሳል የሚለው ፍርሃት ማኅበርን ከንግድ ጋር ያምታታል። ንግድ ከሆነ አዎን፣ ዕውቀት ያፈርሰዋል። እድር ከሆነ ግን ዕውቀት ያበረታዋል። ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት፣ የማን መድኃኒት መጠኑ መስተካከል እንዳለበት ያሳየዋል። ያው ፊደል በነጋዴ እጅ ማባረሪያ፣ በእድርተኛ እጅ መንከባከቢያ ይሆናል።

ታዲያ ዕዳችን ምንድን ነው? ሦስት ይታየኛል። አንደኛ፣ የንግግር ዕዳ ነው። «በዘራቸው አለ» የሚለውን ሐሜት ከቡና ላይ ማንሣት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንዲት ሴት ግን ዕብጠቷን ሳትደብቅ በጊዜ እንድትሄድ ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የመንገድ ዕዳ ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማዕከሎች ቢጨመሩም ከማሻ የምትነሣ እናት ለዝናቡ፣ ለጭቃው፣ ለመኪናው፣ ለአልጋው፣ ለአስታማሚው መክፈሏ አልቀረም። አብዛኞቹ የኢትዮጵያ የጡት ነቀርሳ ሕመምተኞች ሐኪም ፊት የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ዕጢያቸው ርካሽ በሆነ ክኒን ሊገታ የሚችል ዓይነት ሆኖ ሳለ! እዚህ ላይ የገደላት ፊደሏ ነው የሚል ካለ ይንገረኝ። ሦስተኛ፣ የማንበብ ዕዳ ነው። የኛን መጽሐፍ እኛም እንድናነበው፣ በኛ ላቦራቶሪ፣ በኛ ተማሪ፣ በኛ ፈቃድ። ደም ሰጪው ገበሬ ደሙ ምን እንደተናገረ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው።

«የሰብአዊ ትምህርት ተማሪ ስለ ዘረመል ምን አገባው?» የሚል የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኛ እንዳለኝ አውቃለሁ። የሚያገባኝ ቃሉ ነው። ፊደሉን እናንተ አንብቡት፤ «ዕድል» ማለት ፍርድ ነው ወይስ ግምት የሚለውን ግን ሁላችንም ተሰብስበን መፍታት አለብን። ምክንያቱም ከላቦራቶሪ «ዕድል» ተብሎ የወጣው ቃል ማሻ ሲደርስ «የአርባ ቀን ዕድል» ሆኖ ይሰማል፤ በዚያ የትርጉም ስሕተት ምክንያት የሚሞት ሰው አለ። የሚቃወመኝ ካለ የዚህ መጽሔት ገጽ ክፍት ነው፤ ብዕሩን ያንሣ።